ድስታቸውን ለማየት ጋምቤላ ድረስ

ከጋምቤላ ከተመለስኩ ወዲህ የማረቆዋ ከተማችን የቆሼ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አዞ አየሽ ወይ፣ ሙቀቱስ እንዴት ነው። አዞ አላየሁም። ሙቀቱን ግን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቀችኝ እናቴ ናት፤ የላከችኝም እሷው ነች። የእድራችን ሴቶች "እኛ መቼም እዚያ አንደርስም፣ ጻፊውና እናንብበው" ስላሉኝ የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም ሳልመርጥ ጽፌዋለሁ። የሚያሳፍረው ይበዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተክሉ ጋምቤላ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት መኪና ይነዳል። በየቀኑ ከከተማው ወደ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ሲመላለስ አሪየት የምትባል ነርስ ተዋወቀ። አሪየት አኙዋ ናት፣ እዚያው ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች። "ላገባት ነው" ብሎ ሲደውል እናቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ፍርዱ አልቆ ነበር።

"የሺ፣ አንቺ ሂጂ" አለችኝ። "ዘሯን አልጠይቅም። ጴንጤነቷንም ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ። አንቺ ድስታቸውን አይተሽ ነይ። ድስታቸው ደህና ከሆነ እመርቃለሁ። ካልሆነ ግን በሠርጉ አልገኝም፣ ተክሉም እናት አለኝ አይበል።"

እናቴን የማያውቅ ሰው ይህን ቀልድ ይለው ይሆናል። የታላቅ ወንድማችንን የመጀመሪያ እጮኛ "ሽሮዋ ይጓጉላል" ብላ ያስቀረች ሴት ናት። ልጅቱ ዛሬ ቡታጅራ ትልቅ ምግብ ቤት አላት፤ እናቴ በዚያ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ተክሉም ይህን ስለሚያውቅ "እትዬ፣ በእናትሽ፣ ደህና ደህናውን ብቻ እይ" ብሎ ለመነኝ። ችግሩ እናቴ መሆኗን ረስቶ በእናቴ ለመነኝ።

ለምን እኔ? አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ የለኝም፣ እናቴ ቤት ነው ያለሁት። እንዲህ ያለች ሴት በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አለች፤ ለቅሶም፣ ሽምግልናም፣ ሆስፒታልም የምትላከው እሷ ናት። ስጦታዬም የታወቀ ነው፤ አንድ ከረጢት የተፈጨ በርበሬ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የማረቆ በርበሬ ዘር። እኛ ማረቆዎች ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ምክር እንሰማለን፣ ስለ በርበሬ ግን ማንም እንዲነግረን አንፈልግም። ይህን ትዕቢት አስታውሱልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ረቡዕ

አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አድሬ ሳይነጋ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ረዳቱ ከረጢቴን ከላይ መደርደሪያው ላይ እየገፋ ወተፈው፤ "ቀስ በል" ስለው "እማማ፣ እንቁላል ነው እንዴ?" አለኝ። እማማ መባሉ ከመወተፉ በላይ አናደደኝ።

ወሊሶ ሳንደርስ አንድ ሰው አነጠሰ፤ "ይማርህ" ተባለ። ቀጥሎ ሌላው አነጠሰ፤ "ይማርህ" ተባለ። ወልቂጤ ላይ አውቶቡሱ በሙሉ ስለሚያነጥስ "ይማርህ" የሚል ጠፋ። ሾፌሩ ዓይኑን እየጠረገ ዳር ያዘና "ይሄ በርበሬ የማን ነው?" ብሎ ጮኸ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ዞር ዞር ብዬ ባለቤቱን ፈለግሁ። ነገሩ እንዲሁ ያልፍ ነበር፤ ግን ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ እያነጠሰች "ሽታውስ የአላባ ነው" አለች።

"የምን አላባ! የማረቆ ነው እንጂ!" አልኩ።

ከዚያ እስከ ጅማ ከረጢቱን በሁለት ፌስታል አስሬ ጭኔ ላይ ተሸክሜው ሄድኩ። ማንም አላናገረኝም።

በደሌ አደርን። ሆቴሉ "ክፍሉ ሻወር አለው" አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ሻወሩ አለ፣ የሌለው ውሃው ነው። የጾም በያይነት አዘዝኩና በእናቴ ዓይን አየሁት። ሽሮው ቀጥኗል፣ ጎመኑ ተንጨርጭሯል። በርበሬው ደግሞ እንኳን የማረቆ፣ የማንም አይደለም። የእናቴ ልጅ ነኝና በሰው ድስት ላይ ስፈርድ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ

ከመቱ እስከ ጎሬ መንገዱ አረንጓዴ ነው፤ ጉም አለ፣ ሹራብ ያስለብሳል። ከቡሬ በኋላ ግን ቁልቁለቱ ይጀምራል። በየመጠምዘዣው ሰው አንድ ልብስ ያወልቃል። መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚወልቀው ክብሬ ብቻ ስለነበር ተውኩት። እኛ ቆሼ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ውስጥ እንገባለን፤ እዚህ ጥላውም ይሞቃል።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፈታሽ ከረጢቱን "ፍቺው" አለኝ። "ባትነካው ይሻልሃል" አልኩት። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከዚያ በኋላ የማንም ሻንጣ አልተፈተሸም፤ አውቶቡሱ ሙሉ ይቅር ያለኝ ያኔ ነው።

ተክሉ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ደስ ብሎታል። ማራገቢያ ያለው ፔንሲዮን ይዞልኝ ነበር። ከጎኑ ግን አንዲት ረጅም ሴት ቆማ ነበር፤ ሰላም ሳትለኝ ሻንጣዬን ከእጄ ወስዳ ባጃጅ ላይ ጫነችው። የአሪየት እናት ማማ አጁሉ ናት።

"ፔንሲዮን ሰው የሌለው ሰው ነው የሚያድር" አለች። "የተክሉ እህት፣ አንተ ሰው አለህ። ና ግባ።"

ማማ አጁሉ አማርኛን በኋላ የተማረችው ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ትላለች። እኔ በአኙዋ ቋንቋ ሰላም ማለት እንኳ ስለማልችል በዚህ ላይ አፍ የለኝም። እንዲያውም እያደር ወደድኩት፤ "አንተ" ስትለኝ ወፍጮ ቤት ያለኝ ባለጸጋ ሰውዬ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ቤቱ ከባሮ ወንዝ ብዙም አይርቅም፤ ግቢው ተጠርጎ ተጠርጎ የእኛን ሳሎን ያስንቃል። እራት የተጠበሰ የባሮ ዓሣ ነበር፣ ትኩስ፣ ሎሚ የተጨመቀበት። እኔም የተላክሁበትን አልረሳሁምና በልቤ "ድስቱ አልፏል" ብዬ ፈረድኩ። የሰጠኋትን በርበሬ ማማ አጁሉ ከፈተችው፣ አነጠሰች፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንደ መድኃኒት አስቀመጠችው። ከመተኛቴ በፊት ተክሉን ጠርቼ "ነገ ዓርብ ነው ንገራቸው፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ ወተትም አልነካም" አልኩት። ሰው ቤት ሄዶ ማዘዝ ይሉታል ይህን።

ዓርብ

ቀን ከተማውን አየሁ። ድልድዩን አየሁ፣ ገበያውን አየሁ፣ የእርዳታ ድርጅቶቹን ነጫጭ መኪኖች አየሁ። ከሰው ይልቅ መኪናው ጥላ ሥር የሚቆምበት አገር ነው። ተክሉ ይህን ስለው "እትዬ፣ መኪናው እኮ ኃላፊ አለው፣ ሰው ግን የለውም" አለኝ። ወንድሜ ጋምቤላ ሄዶ አፍ አውጥቷል።

ወደ ማታ ስንመለስ ማማ አጁሉ አጥሩ ሥር ጎንበስ ብላ አየኋት። ሦስት መደብ በርበሬ አላት። ዘለል ብዬ ሄድኩ፤ ማረቆ ነኝ፣ በርበሬ ሳይ እንደ ዘመድ ነው የምሳለመው። የበርበሬው ግንድ ወገቤ ድረስ ይደርሳል፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ፍሬ ግን የለውም! እዚህም እዚያም አንዳንድ አበባ፣ ሌላው ቅጠል ብቻ። "ይህ በርበሬ ታሟል" አልኩ በልቤ። እሷ ደግሞ ጫፍ ጫፉን እየቀጠፈች በሰፌድ ትሰበስባለች። አረም የምትነቅል መሰለኝ።

እራት ቀረበ። የበቆሎ ገንፎ፣ ከጎኑ ጥቁር አረንጓዴ ወጥ በለውዝ የተሠራ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት አሪየትን። አሪየት ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል።

"የበርበሬ ቅጠል ነው።"

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ማረቆ ሆናችሁ ስሙልኝ። እኛ ቤት ለእንግዳ ጎመን ብቻ ካቀረብሽ ስምሽ ገበያ ቀድሞሽ ይደርሳል። የበርበሬ ቅጠል ደግሞ ጎመን እንኳ አይደለም፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ግንዱን እናነደዋለን፣ ቅጠሉን ነፋስ ይወስደዋል። ፍየል እንኳ አይነካውም እንላለን፤ ፍየሏን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እና እኔ፣ የሙሽራው ታላቅ እህት፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ፣ ገለባ ቀረበልኝ። አንፈልጋችሁም ማለታቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ጆሮዬ ላይ ስትስቅ ሰማኋት።

"ሆዴን ቆርጦኛል" አልኩ።

ማማ አጁሉ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። "ትሞቃለህ" አለች። ጋምቤላ ውስጥ የማይሞቅ ግንባር ካለ ያሳዩኝ! ሳህኔን አነሳች፣ ፍራሼን በር አጠገብ ነፋስ ያለበት አወጣች፣ ራሷ ቁጭ ብላ በካርቶን አራገበችልኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ወጡን ሲበላ የማንኪያውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ሆዴ ታሞ ሳይሆን ተርቦ ይጮኻል።

ቅዳሜ

ውሸት ቆሼ ላይ ከተነገረ እዚያው ያልቃል። ጋምቤላ ላይ ሆድ ቁርጠት ማለት ወባ ማለት ነው። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ የሰፈሩ ሴቶች በር ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ሙዝ ይዛለች፣ አንዷ የሎሚ ውሃ፤ አንዷ ምንም ስላልነበራት ሕፃኗን ይዛ መጥታ ጸለየችልኝ። ስሜን ሳያውቁ "አባት ሆይ፣ የተክሉን እህት አድን" እያሉ ሲያለቅሱ እኔ የታመመ ሰው ፊት ለመሥራት እታገላለሁ።

አሪየት ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ ጣቴን ራሷ ወጋችው፣ ደሜን ራሷ አየችው። ከዚያ በሩን ዘጋችና ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"እትዬ የሺ፣ ወባ የለብሽም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ያለብሽ የቅጠል በሽታ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ የወጋችበትን ጣቴን በጥጥ እየያዘች "ማማ ለዓርብ ዶሮ ገዝታልሽ ነበር" አለችኝ። "ጾም ነው ስትዪ መልሳ አሰረቻት። ስለዚህ ነው ቅጠል የሠራችው። የሆድሽን ነገር ለማንም አልናገርም፤ እትዬ፣ አንቺም ግን ለእናትሽ 'ቅጠል አበሉኝ' ብለሽ አትንገሪብን።"

ያን ጊዜ ነው የልጅቱን ፍርሃት ያየሁት። እኔ ድስታቸውን ልመዝን እንደመጣሁ ያውቃሉ፤ ተክሉ ነግሯቸዋል። በዚያ ላይ እሑድ ማታ አጎቷ ኦባንግ ከአቦቦ መጥቶ የእኛን ወገን ቃል ይሰማል፤ አባቷ ስለሞተ እሱ እሺ ካላለ ጋብቻ የለም። እኔ ደግሞ የወገናችን አፍ ነኝ፣ ያውም ሆዱ የታመመ አፍ።

ከክሊኒኩ ስንመለስ ልቤ ተሰብሮ ነበር። ይህን ደግነት በምን ልክፈለው? ስብሰለሰል ዋልኩና መልሱ ከአጥሩ ሥር ተገኘ። እነዚህ ደግ ሰዎች ቅጠል የሚበሉት በርበሬው ስላላፈራላቸው ነው! ያሳዝናል። አብቃይ የለም፣ የሚነግራቸው የለም። እኔ ደግሞ በጨርቅ የቋጠርኩት የማረቆ ዘር አለኝ። ከእኔ የተሻለ ሰው ለዚህ ሥራ ከየት ይመጣል?

እሑድ

በጠዋት ቅዳሴ ደርሼ መጣሁ። እነ ማማ አጁሉ ወደ ጸሎት ቤታቸው ሲሄዱ "አርፋለሁ" ብዬ ቀረሁ። የእነሱ አምልኮ ረጅም ነው፤ ከበሮውና ዝማሬው እስከ ግቢያችን ይሰማል። እኔም በዝማሬው ምት እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

እኛ አገር ያላፈራ በርበሬ ይነቀላል፤ በሽታው ወደ ጎረቤቱ እንዳይተላለፍ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ለስልሷል። አንዱን ያዝ፣ ሳብ፤ አንዱን ያዝ፣ ሳብ። ሥሩ ነጭና ጤነኛ ነበር። "ገርሞኛል" አልኩና ቀጠልኩ። ሦስቱንም መደብ ነቅዬ ኩሽናው ጀርባ ከመርኩት፣ አፈሩን በዶማ አለሰለስኩ፣ የማረቆውን ዘር በመስመር ዘራሁ፣ ውሃ አጠጣሁ። ከዚያም እጄን ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ምስጋናዬን ልቀበል ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

መጡ። ማማ አጁሉ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ፈገግ አለች። ቀጥሎ አጥሩን አየች። መጽሐፍ ቅዱሷን ለአሪየት ሰጠቻትና ወደ መደቡ ሄደች። ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ ነካችው።

"የት አለ?" አለች።

"ታሞ ነበር፣ ማማ። ነቀልኩልሽ። የማረቆ ዘር ዘርቼልሻለሁ፣ እንደ ጣት የሚረዝም..."

አሪየት እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ተክሉ ዓይኑን ጨፈነ። ማማ አጁሉ ኩሽናው ጀርባ ሄዳ ክምሩ አጠገብ ቆመች።

"አልታመመም" አለች። "ይህ ለኦባንግ ነው። ወንድሜ ይህን ነው የሚወድ። እኛ እናቴ ቤት ይህን ነው የሚበላ፣ ትልቅ ነገር ሲሆን። እኔ ፍሬ አልፈልግም፣ ቅጠል እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ነው ጫፉን የምቆርጥ። አንድ ሳምንት ማንም አልነካም። ዓርብ ለአንተ ብቻ ቀጠፍኩ። አንተ ሆድህ ታመመ።"

ይህን ስትል ዓይኔን አየችኝ። ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ እያወቀች ነው በካርቶን ያራገበችልኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሚያም አልነበረኝም።

"የተክሉ እህት" አለች በመጨረሻ፣ ሰፌድ እያቀበለችኝ፣ "እንግዳ ይበላል። እንግዳ አይነቅልም። አሁን ቁጭ በል፣ ቅጠፍ። ማታ ይጠወልጋል።"

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቀጠፍኩ። ጠንካራው ቅጠል ይጣላል፣ ለስላሳው ጫፍ ይያዛል። ስሳሳት ማማ አጁሉ ከሰፌዴ ታወጣዋለች። ውሃ በአመድ ላይ አጥልላ ቅጠሉን ቀቀለችበት፤ ይለሰልሳል። የመጀመሪያውን ውሃ ደፋች። ለውዙን በሙቀጫ ወቀጠች፣ የደረቀ ዓሣ ፈርፍራ ጨመረች። ቅጠሉ ለሳምንታት የሚበቃ ነበር፤ ሥሩ ስለተነቀለ ግን አያድርም፣ ስለዚህ ቅዳሜ የጸለዩልኝ ሴቶች ሁሉ ከነድስታቸው ተጠሩ። የእኔ ጥፋት በስድስት ምድጃ ላይ ሲንተከተክ የግቢው ጭስ ከባሮ ማዶ ሳይታይ አልቀረም።

ኦባንግ አመሻሽ ላይ መጣ፤ ሽበታም፣ በትር የያዘ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ድስቱን ሁሉ አየ፣ ባዶውን መደብ አየ።

"ማነው የነቀለው?" አለ።

ተክሉ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ክፋት አልነበረም። እኛ አገር ያላፈራ ይነቀላል።"

ኦባንግ በትሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። ሲናገር እንደ ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ ነው።

"እሺ። እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጃችን እናንተ ቤት ስትመጣ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሳታፈራ ብትቆይ፣ ምን ታደርጓታላችሁ?"

ሰውዬው ስለ እኔ ምንም አያውቅም ነበር። ስምንት ዓመት ባል ቤት ኖሬ፣ ልጅ አልወልድ ስል አማቴ ሻንጣዬን ደጅ እንዳወጣችው ቆሼ ያውቃል፣ ጋምቤላ አያውቅም። ላፌዝ ፈለግሁ፣ ሁልጊዜ የምወጣው በፌዝ ነው፤ አልመጣልኝም።

"እኔ ያላፈራሁ ነኝ" አልኩ። "ባሌ ቤት ነቅለውኛል። እናቴ ግን በሩን ከፍታ 'ገብተሽ እራትሽን ብዪ' አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም፣ እስከ ዛሬም አልተናገረችም። ክፉ አፍ አላት፣ በሰው ድስት ትፈርዳለች፤ ሰው ግን አትነቅልም። አሪየትን ማንም ቢነካ መጀመሪያ በእኔ ላይ ነው የሚያልፈው።"

አሪየት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሴቶቹ ጭሱ ነው ብለው ውሃ አመጡልኝ። ኦባንግ ለማማ አጁሉ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላት። እሷ ሳህን ሞላችና ፊቴ አስቀመጠች።

"ብላ ነው ያለ" አለችኝ። "መጀመሪያ አንተ ብላ፣ ከዚያ ልጁን ይሰጣል።"

በላሁ። አያቃጥልም! የበርበሬ ልጅ ሆኖ እንደ ሕፃን የዋህ ነው። ከጎመን ይለሰልሳል፣ ለውዙ ያወፍረዋል፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያ ቃሪያ የሚል ሽታ አፍንጫ ላይ ይቀራል። ሳህኑን ጠርጌ ሁለተኛ ስዘረጋ ኦባንግ በትሩን አንስቶ ሳቀ፤ ጋብቻው በዚያ አለቀ።

"ሆድህስ?" አለችኝ ማማ አጁሉ።

"ድኗል፣ ማማ።"

ሰኞ እና ማክሰኞ

ማማ አጁሉ መናኸሪያ የሸኘችኝ አንድ ከረጢት ለውዝና የደረቀ ዓሣ አሸክማ ነው። "ያቺን ነቃይ ሴትዮ ለሠርግ አምጧት" ብሏል ኦባንግ፤ በዚያ ሰፈር ስሜ ይኸው ሆኗል። የአውቶቡሱ ሰው ደግሞ ስለ ዓሣው ሽታ ከጋምቤላ እስከ ጅማ ሲነጫነጭ መጣ። በሄድኩበት አስነጠስኳቸው፣ በመጣሁበት አፍንጫ አስያዝኳቸው። ዘንድሮ በአውቶቡስ ባልሄድ ይሻላል።

ቆሼ

ረቡዕ ቤት ስገባ እናቴ ሰላም እንኳ ሳትለኝ "ድስታቸውስ?" አለች።

"ነገ አሳይሻለሁ" አልኳት።

ጥቅምት ስለነበር ማሳችን ላይ በርበሬው መቅላት ጀምሯል። በጠዋት ወጥቼ ለስላሳ ለስላሳውን ጫፍ ቀጠፍኩ። ጎረቤታችን አጥር ላይ ቆሞ "የሺ አበደች" ሲል ሰምቻለሁ። በአመድ ውሃ ቀቀልኩ፣ ለውዝ ወቀጥኩ፣ ዓሣ ጨመርኩ፤ አቀረብኩ። እናቴ ሳህኑን አሸተተች።

"ምንድን ነው?"

"የበርበሬ ቅጠል። የአሪየት ቤት ድስት ይኸው ነው። ለትልቅ ቀን፣ ለሚያከብሩት ሰው የሚሠሩት ነው።"

ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና "ዛሬ ሆዴን ቆርጦኛል" አለች።

ተነሳሁና ጫማዋን አምጥቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩት። "ተነሺ" አልኳት፣ "ሆድ ከቆረጠ ወባ ነው፤ ሄደን ጣትሽን እናስወጋ። አሪየት ነርስ ናት፣ እንዲህ ብላ ነው ያስተማረችኝ።"

እናቴ ጫማውን አየች፣ እኔን አየች። እኔም ሳልስቅ ጫማው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋት። እናቴ ምግብ ስትፈራ አይቼ አላውቅም፤ አሁን ግን ፈርታለች፣ ወጡን ሳይሆን ወጡ ቢጥማት የሚመጣውን። ቀስ ብላ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። አንዴ ጎረሰች፣ አላመጠች። ደገመች። ሦስተኛውን ስትጎርስ ከእኔ ደብቃ ነው።

"ጨው አንሶታል" አለች አፏን እየጠረገች። "ልጅቱ ስትመጣ እኔ አሳያታለሁ።"